ከትራክተሩ በፊት፤ የገዳሪፍ ዘርና ልጆች

በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው የገዳሪፍ እርሻ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው እ.ኤ.አ. ከ1944 ነው። የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለተሰማራው ጦሩ ቀለብ ለማምረት በገዳምባሊያ ዋልካ መሬት ላይ ትራክተር ያስገባው በዚያ ጊዜ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው እንደ ጠፍ ሜዳ ይታለፋል። የአካባቢው አፈር ግን ሌላ ይናገራል። ከሰሜን በኩል፣ በኻሽም ኤል ጊርባ አቅራቢያ የጥንት ሸክላ ሠሪዎች ጭቃውን ከማሽላ ገለባ ጋር ለውሰው ያበጁት ገል ተገኝቷል። ገለባው ሲቃጠል ትቶት የሄደውን አሻራ የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ማሽላ በዚያ ከ5,000 ዓመት በፊት ገደማ እየለመደ እንደነበር አሳይተዋል። እስካሁን ከታወቁት የለማዳ ማሽላ ማስረጃዎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ዘሩን የመረጡት፣ ያስቀመጡትና ለሚቀጥለው ክረምት ያሸጋገሩት ቤተሰቦች ናቸው። ስለዚህ የዚህን አገር የዘር ታሪክ ከሞተር ድምፅ መጀመር፣ ከማሽላው ዕድሜ አብዛኛውን ቆርጦ መጣል ነው።

ሞተሩ ሳይመጣ በፊት ዘር እንዴት ይገባ ነበር? በሱዳን ዝናብ ጠባቂ እርሻ የታወቀው መሣሪያ ሰሉካ ነው፤ በእግር የሚረገጥ ማረፊያ ያለው የመትከያ ዘንግ። ዝናቡ የተሰነጣጠቀውን ዋልካ ካራሰው በኋላ አንድ ሰው እየረገጠ ጉድጓድ ይከፍታል፤ ሴት ወይም ልጅ ከኋላ እየተከተለ ጥቂት ፍሬ ይጥልና አፈሩን በእግሩ ይመልሳል። ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ትምህርቱ ብዙ ነው። ልጁ በአንድ ጉድጓድ ስንት ፍሬ እንደሚበቃ፣ አፈሩ ሲበዛ ቡቃያው እንደሚታፈን፣ ሲያንስ ደግሞ ወፍ እንደሚለቅመው የሚያውቀው በራሱ እግር ነው። እሸቱ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ግሪሳ ያባርራል። ዝናቡ ባለሰለሰው ጭቃ በሬና ግመል ያበጃል፤ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ ከአገዳው መጫወቻ ይሠራል። ከኢትዮጵያና ከሱዳን ድንበር ወዲህም ወዲያም የቆላ ልጅ ጨዋታውንና ሥራውን ያገኘው ከአንድ ማሳ ነበር፤ የዘር እውቀት ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈውም በዚሁ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሰንሰለት የበጠሰው ብረቱ ነው የሚሉ አሉ። ትራክተሩ የሚጎትተው ሰፊ ዲስክ ከላዩ በተገጠመለት የዘር ሣጥን ሲዘራ ዘሩ ይወርዳል፣ ዲስኩም አፈር ያለብሰዋል፤ ለልጅ እግር የቀረ ቦታ የለም። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ይልቅ ወሳኙ የመሬቱ አሰጣጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ 1,000 ፈዳን፣ ማለትም 420 ሄክታር ገደማ የሆነ ማሳ ለግል ባለሀብቶች ይከራይ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን የሚመራ ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ ደግሞ ያልተመዘገበን መሬት ሁሉ የመንግሥት አደረገው። ለአብዛኛው ገበሬ መሬቱ የእርሱ ለመሆኑ ምስክሩ የአያቶቹ እርሻ እንጂ መዝገብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የገጠሩ ልጅ ወደ ትልቁ ማሳ የሚገባው ለአረምና ለአጨዳ፣ በቀን ሠራተኛነት ሆነ። ትራክተር የመንደሩን መሬት ለመንደሩ ቢያርስ ኖሮ ልጁ ከዘሩ ጋር ባልተለያየ ነበር።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። አንደኛው፣ ልጅ የሚሠራበትን እርሻ ማወደስ የልጅ ጉልበት ብዝበዛን ማሞገስ ነው የሚል ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ይዝራ የሚል ሰው ጤናማ ምክር እየሰጠ አይደለም። ሆኖም ከወላጁ ጎን ሆኖ በራሱ ቤት ማሳ ጥቂት ቀን ዘር የሚጥል ልጅና በሰው ማሳ በደመወዝ ሰሊጥ የሚያጭድ ልጅ አንድ አይደሉም። በገዳሪፍ ታሪክ የጠፋው የመጀመሪያው ነው፤ የቀረው ሁለተኛው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ከተሞችን የመገበው ትልቁ እርሻ ነው ይላል። እውነት ነው፤ ገዳሪፍ የሱዳን ጎተራ የሆነችው በትልቁ እርሻ ነው። ነገር ግን ምርቱ የጨመረው በአብዛኛው አዲስ መሬት በመመንጠር ነው፤ ከአንድ ፈዳን የሚገኘው ማሽላ ግን በጊዜ ብዛት ቀንሷል። ዓመት ከዓመት ማሽላ በማሽላ ላይ ሲዘራ አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ተስፋፋ፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ኪራዩ ሲያልቅ ወይም መሬቱ ሲደክም ትቶ ለሚሄድ ተከራይ ይህ የሌላ ሰው ችግር ነው። ማሳውን ለልጁ ለሚያወርስ ሰው ግን የነገ እንጀራው ነው።

ከድንበሩ ወዲህ በመተማና በቋራም ሰሊጥ ባለሀብቱን ስቦ ሰፋፊ እርሻ አስፋፍቷል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋ የወረዱት ቤተሰቦች ግን የያዙት ለአንድ ቤት የሚበቃ መሬት ነው፤ በእንዲህ ያለ ማሳ የልጅ እጅ ዛሬም ከዘር አይርቅም። ገዳሪፍ ውስጥ የሆነው በዚህም ይደገም አይደገም የሚወስነው የትራክተሩ ብዛት ሳይሆን፣ አዲስ መሬት በሚሸነሸንበት ጊዜ ለእነዚህ ቤቶች የሚጻፈው የይዞታ ደብተር ነው።