የሹፌሩ ፊርማ

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የሞተር አጓጓዦች ሕግ፣ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የሚጓዙ የጭነት መኪናዎችን ደኅንነት በፌዴራል መንግሥት ቁጥጥር ሥር አደረገ። ከጊዜ በኋላ የመጡ ደንቦች ሹፌሩ የዕለቱን ሥራ ሲጨርስ የፍሬኑን፣ የመሪውን፣ የጎማውን፣ የመብራቱንና የተሳቢ ማያያዣውን ሁኔታ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አስገደዱት።

ብዙዎች ይህን ወረቀት እንደ ሸክም ያዩታል። ነገር ግን የሹፌሩ ጋሻም ነው። ሹፌሩ ለደኅንነት የሚያሰጋ ብልሽት ጽፎ ከፈረመ፣ ኩባንያው ሳያስጠግን መኪናውን መልሶ ማሰማራት አይችልም። መጠገኑንም በፊርማ ያረጋግጣል። ቀጣዩ ሹፌር አይቶ ይፈርማል። ሰነዱ ለ3 ወር ይቀመጣል። በ1983 መጀመሪያ የጸደቀ ሕግ ደግሞ አደገኛ መኪና አልነዳም ያለን ሹፌር ማባረርን ከለከለ።

ችግሩ ሌላ ነበር። መኪናው ጤነኛ ሆኖም በየቀኑ መጻፍ ግዴታ ስለነበር «ጉድለት የለም» የሚል ወረቀት ተከመረ። በ2014 መጨረሻ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህን ለጭነት መኪናዎች አስቀረ፤ በዓመት 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያድናል ሲልም ገመተ።

የቀረው ግን ባዶው ወረቀት እንጂ ፍተሻው አይደለም። ብልሽት ሲገኝ ዛሬም ይጻፋል። በአሜሪካ ከባድ መኪና ለሚነዱ ኢትዮጵያውያን ጭምር ነገሩ የእንጀራም የሕይወትም ጉዳይ ነው። ለአለቃ በስልክ የተነገረ ብልሽት ሊካድ ይችላል፤ የተፈረመበትን መካድ ግን ከባድ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።