የሐምቡርግ የወርቅ ገንዘብና «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም

በታሪክ ትምህርታችን ውስጥ ገንዘብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከንግድ ጋር ብቻ ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ በገንዘብ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ እንደ ማናቸውም ሰነድ ተመርምሮ ሊነበብ ይገባዋል። ለዚህም የሰሜን ጀርመን ወደብ የሆነችው ሐምቡርግ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማሠራት የጀመረችው ፖርቱጋሌዘር የተባለው የወርቅ ገንዘብ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ፖርቱጋሌዘር ዋጋው 10 ዱካት፣ ክብደቱ ወደ 35 ግራም ነበር። የዕለት ገበያ ገንዘብ አልነበረም፤ ታላላቅ ነጋዴዎች የሚገለገሉበት፣ ለክብር ስጦታም የሚሰጥ ነበር። ዛሬ እጅግ ብርቅ ሆኗል። በአንዱ ገጹ ባለ ሦስት ግንብ የሆነው የከተማዋ ምልክት፣ በሌላው መስቀል ይታያል። በመስቀሉ ዙሪያ በጀርመንኛ የተቀረጸው ጽሑፍ ገንዘቡ «በፖርቱጋል ክብደትና ጥራት» የተሠራ መሆኑን ያስታውቃል።

አንዲት ነጻ የንግድ ከተማ የሌላ አገር ስም በገንዘቧ ላይ ያስቀረጸችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1499 ከሕንድ ሲመለስ ንጉሥ ማኑኤል 1ኛ 10 ክሩዛዶ የሚያወጣ ታላቅ የወርቅ ገንዘብ አሠራ። ይህም ከቅመማ ቅመም ንግድ ጋር ወደ ሰሜን አውሮፓ ወደቦች ተሠራጭቶ በጥራቱ ታመነ። ሐምቡርግ መጠኑንና መስቀሉን ወሰደች፤ የንጉሡን ማዕርግ ግን ተወች።

የተተወው ማዕርግ ነው እኛን ይበልጥ የሚመለከተን። ማኑኤል በገንዘቡ ላይ የኢትዮጵያ፣ የዐረብ፣ የፋርስና የሕንድ የወረራ፣ የመርከብ ጉዞና የንግድ ጌታ ተብሏል። ወረራ፣ ጉዞና ንግድ የሚሉት ቃላት በየመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ ሲወከሉ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ሳያጥር ተጽፏል። ነገር ግን የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514፣ የሮድሪጎ ደ ሊማ መልእክተኞችም ምጽዋ የደረሱት በ1520 ነው። ማዕርጉ የታወጀው እነዚህ መልእክተኞች ከመድረሳቸው አስቀድሞ ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ የጥቁር ሕዝብ ምድር ሁሉ ማለታቸው ነበር።

ስለዚህ የአገሩን ስም በወርቅ ላይ ያየ ተማሪ ቢደሰት አያስነቅፍም፤ ጽሑፉን የአገዛዝ ማስረጃ አድርጎ ቢወስደው ግን መምህሩ ሊያርመው ይገባል። ለሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሁለቱ ጽሑፎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ተማሪዎቹም የትኛው በነጋዴ ሚዛን ሊረጋገጥ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ከሌሎች ሰነዶች ጋር መመሳከር እንዳለበት ይከራከሩ። ቀጥሎም በ1499 በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበረው ማን እንደ ሆነ ይጠየቁ፤ መልሱ አፄ ናዖድ ነው።