ወሬና ትእዛዝ በአንድ መስመር

ደውላችሁ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» ስትባሉ የምትሰሙት «ጢጥ» አንድ ድምፅ ይመስላል። ሁለት ነው። 697 እና 1209 ሄርዝ አንድ ላይ ሲጮሁ ነው 1 የሚባለው። ዘዴውን የሠሩት የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1963 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ካርኔጊና ግሪንስበርግ በሚባሉ ከተሞች ለደንበኛ ቀረበ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ስልኩ ላይ ያለው ታሪክ ሳይሆን ተራራ ላይ የወጣው ነው።

በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ አማተሮች ሪፒተር በብዛት ይተክሉ ነበር። ሪፒተር ከፍታ ላይ ተቀምጦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን እዚያው በሌላ የሚደግም ጣቢያ ነው፤ ለምሳሌ 146.34 ሜጋሄርዝ ላይ ሰምቶ 146.94 ላይ ያሰማል። በእጅ የምትያዝ ደካማ ሬዲዮ በዚህ ምክንያት ከተማ ታቋርጣለች። ችግሩ፣ ማሽኑ ተራራ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ቤቱ። ቢበላሽና ሳያቋርጥ ቢጮህ ማን ወጥቶ ያጥፋው? በሌሊት፣ በበረዶ?

መፍትሔው ቅርብ ነበር። ሬዲዮው ድምፅ ያስተላልፋል፣ የስልክ ቁልፍም ድምፅ ነው። ስለዚህ የስልክ ቁልፎችን ሬዲዮው ላይ ገጠሟቸው። ማጥፋትና ማብራት ብቻ አይደለም፤ መኪና ውስጥ ሆነህ ኮድ መትተህ ቁጥር ስታስከትል ሪፒተሩ ከስልክ መስመር ያገናኝሃል። አውቶፓች ይሉታል። ሴሉላር ስልክ በ1983 ቺካጎ ላይ ለገበያ ሳይወጣ በፊት መሆኑ ነው! እርግጥ ነው፣ ፍሪኩዌንሲው ላይ ያለ ሁሉ «እራት ምን ይሁን?» የምትለውን አብሮ ይሰማል።

ኮድ የምትጽፉ ሰዎች ጣጣው ገብቷችኋል። ወሬና ትእዛዝ በአንድ ቱቦ ገቡ። ኤስኪውኤል ኢንጄክሽን የምንለውም መነሻው ይኸው ነው። የአሜሪካ የስልክ ኔትወርክም በዚያው ዘመን የተታለለው በዚሁ ነው፤ የረጅም ርቀት መስመሮቹን ያዝ የነበረው 2600 ሄርዝ ድምፅ ከካፕን ክራንች ሲሪያል ካርቶን በሚገኝ የልጆች ፉጨት ይወጣ ነበር።

ስለዚህ የሪፒተር ኮንትሮለር ዋና ሥራው መጠርጠር ነው። የሰው ድምፅ አንዳንዴ ሳያስበው የቁልፍ ድምፅ ይመስላል። የቤል ሰዎች ይህን አስበው፣ አንዱ የሌላው ብዜት የማይሆን ፍሪኩዌንሲ መርጠዋል። ድሮ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ 567 ቺፕ ይመደብና በእጅ ይቃኝ ነበር። ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅ ቅኝቱ ይሸሻል፣ ያውም ተራራ ላይ። በኋላ የማይቴል ኤምቲ8870ን የመሰሉ ቺፖች ሁሉንም ብቻቸውን ሠሩት። የሚሠራበት ክሪስታል 3.579545 ሜጋሄርዝ፣ የቀለም ቴሌቪዥን ክሪስታል ነው፤ ርካሽና የትም የሚገኝ።

ይህን ቺፕ መጀመሪያ የነካሁ ቀን 0ን ስጫን 10 ይመልስልኛል። ግማሽ ቀን ስህተቴን ፈለግኩ። ስህተት የለም፣ እንዲያ ነው የተሠራው። በድሮው የአሜሪካ ባለዲስክ ስልክም 0 ማለት 10 ምት ነበር።

ኮንትሮለሩ ቁጥር በሰማ ቁጥር አይንቀሳቀስም። ያጠራቅማል። ተናጋሪው የሬዲዮውን ቁልፍ ሲለቅ ወይም ጥቂት ሰከንድ ዝም ሲል ያን ጊዜ የሰበሰበውን ከሚያውቃቸው ኮዶች ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ይጥለዋል። ድምፁንም ሲደግም ኮዱን ያፍነዋል፣ አድማጭ እንዳይቀዳው።

ግን ይሄ ግማሽ መሸፈኛ ነው። አጠገብህ ያለ ሰው ሬዲዮውን ሪፒተሩ በሚሰማበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ካደረገ ኮድህን እንዳለ ይሰማል፤ ቀድቶ መልሶ ማጫወትም ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤቶች ዋናዎቹን ትእዛዞች በስልክ መስመር ወይም በሌላ ፍሪኩዌንሲ ይልኩ ነበር።

እሱም ቢቋረጥስ? የአሜሪካ ደንብ ለዚህ አንድ ነገር ያስገድዳል፤ የማዘዣው መስመር ከተበላሸ ማሽኑ ከ3 ደቂቃ በላይ ማሰራጨት የለበትም። ማንም ቁልፍ ሳይነካ፣ ማንም ተራራ ሳይወጣ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ዝም ይላል።