የበጀት መቋረጥ፦ «ሸትዳውን»ን በአማርኛ

«የአሜሪካ መንግሥት ተዘጋ» የሚለው ዜና በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል። በመጣ ቁጥርም ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከጎንደር ወደ ዋሽንግተንና ወደ ሜሪላንድ ስልክ ይደወላል፦ «ደኅና ናችሁ ወይ ልጆቼ? መንግሥት የለም አሉ እኮ!» እናቶቻችን ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም፤ መንግሥት የሌለበት ጊዜ ምን እንደሚመስል አይተውታል። ጥፋቱ የቃሉ ነው።

እንግሊዝኛው «ሸትዳውን» በሚለው ጊዜ ፕሬዚዳንቱ በወንበሩ አለ፣ ኮንግረሱ ይሰበሰባል፣ ወታደሩ ዘብ ይቆማል፣ ፖስታም ይታደላል። የተቋረጠው ገንዘብ የማውጣት ፈቃድ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1፣ ክፍል 9 በሕግ ካልተመደበ በቀር ከግምጃ ቤት ምንም ገንዘብ እንዳይወጣ ይከለክላል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ሲሆን ይህም በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት ነው። (እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስ ግን ጁላይ 1 ይጀምር ነበር፤ ከእኛው የበጀት ዓመት መጀመሪያ ከሐምሌ 1 የሚቀድመው በአንድ ሳምንት ብቻ ነው።) የበጀት ሕጉ በሁለቱ ምክር ቤቶች ጸድቆ በፕሬዚዳንቱ ካልተፈረመ፣ ጊዜያዊ ማራዘሚያም ካልወጣለት ወይም ማራዘሚያው ካለቀ፣ ገንዘቡ ይቆማል።

ገንዘብ ቆመ ተብሎ ግን ቢሮ ለምን ይዘጋል? ሠራተኛው ደመወዙ እስኪመጣ ታግሦ ቢሠራስ? መልሱ በ1884 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ውስጥ አለ። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤቶች የዓመቱን በጀት በጥቂት ወራት ይጨርሱና ኮንግረሱን እምቢ ሊለው በማይችለው ዕዳ እያስጨነቁ እንደገና እጃቸውን ይዘረጉ ነበር። ሕጉ ይህን ሲዘጋ በፈቃደኝነት የሚሰጥ ነፃ አገልግሎትንም አብሮ ከለከለ። የሰው ሕይወት ወይም ንብረት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ያለ ደመወዝ ላገልግል» ቢል እንኳ መሥሪያ ቤቱ እሺ ሊለው አይችልም። ዐውቆ የሚጥስ ኃላፊ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ለመቶ ዓመት ያህል በጀት ሲቋረጥ ቢሮ አልተዘጋም። ኮንግረሱ ነገ ይፈቅዳል እየተባለ ሥራው ይቀጥል ነበር። በ1980 የፕሬዚዳንት ካርተር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ ሕጉን እንደ ቃሉ ተርጉሞ፣ በጀት የሌለው መሥሪያ ቤት ይዘጋ አለ። ከቀናት በኋላ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለአንድ ቀን ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየረዘመ ሄደ፤ በ1995–96 21 ቀን፣ በ2018–19 35 ቀን፣ በ2025 43 ቀን።

እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበለው? «የሥራ ማቆም» ካልን አድማ ይመስላል። «የበጀት መዘጋት» ካልን ደግሞ ማንኛውም ሒሳብ ሠራተኛ የሚያውቀው የሰኔ 30 ሥራ ነው። እኔ «የበጀት መቋረጥ» እላለሁ። መብራት ሲቋረጥ ምሰሶውም ሽቦውም አምፖሉም በቦታው አሉ፤ የጠፋው ኃይሉ ነው። መብራት ሲመለስ «ተለቀቀ» እንላለን፤ በጀትንም ድሮውኑ «ተለቀቀ» ነው የምንለው። ቋንቋው መንገዱን አዘጋጅቶ ጠብቆናል።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ሁለት ቃላት አሉ። ቤቱ እንዲቀመጥ የታዘዘው ሠራተኛ «ያለ ደመወዝ የግዴታ ዕረፍት» ላይ ነው። በረራ የሚቆጣጠረው ደግሞ «ያለ ክፍያ በሥራ ላይ» ነው። ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 የበረራ ተቆጣጣሪዎች በማነሳቸው ወደ ኒው ዮርክ ላጓርዲያ የሚሄዱ በረራዎች ለጥቂት ጊዜ ታገዱ፤ የ35 ቀኑ መቋረጥም ያበቃው በዚያው ዕለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ለፌዴራል ሠራተኞች ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፈል ደንግጓል። በኮንትራት የሚሠሩ ጽዳት፣ ጥበቃና የምግብ ቤት ሠራተኞች ግን በዚህ ሕግ አልተካተቱም። ከእነርሱ መካከል የእኛም ሰዎች አሉ፤ ቢሮው ባዶ ሲሆን ተሳፋሪ የሚያጣው ታክሲ ነጂም እንዲሁ።

የዜና ክፍል ባልደረቦች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «የአሜሪካ ፌዴራል በጀት ተቋረጠ» ብላችሁ ጻፉልን። ማን ደመወዝ እንደቀረበትም አክሉበት፤ እናት ስልክ አንስታ የምትጠይቀው እርሱን ነውና።