አርነ ቲሴሊዩስ

አርነ ቲሴሊዩስ (እ.ኤ.አ. 1902–1971) ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል የመለያ ዘዴ የሆነውን ኤሌክትሮፎሬሲስን አስተማማኝ የምርምር መሣሪያ ያደረገ ስዊድናዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በስቶክሆልም ተወልዶ፣ አባቱ ከሞተ በኋላ በጎተንበርግ አደገ። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1925 የቴዎዶር ስቬድበሪ ረዳት ሆነ፤ በ1930 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ።

ስሙን ያስጠራው በ1937 ይፋ ያደረገው መሣሪያ ነው። ዋና ክፍሉ በእንግሊዝኛው ዩ ፊደል ቅርጽ የተሠራና ሙቀትን ቶሎ እንዲያስወጣ ጎኖቹ ጠፍጣፋ የሆኑ የመስታወት ቱቦ ነበር። ፈሳሹ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መጠን የውሃ እፍጋት እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ ኤሌክትሪኩ የሚፈጥረው ሙቀት ፈሳሹን አያናውጥም። በየፍጥነታቸው የሚጓዙት ፕሮቲኖች የሚፈጥሩት ድንበር በብርሃን ስብረት አማካይነት ፎቶግራፍ ይነሳል። ቲሴሊዩስ በዚህ መንገድ የደም ሴረም ከአልቡሚን ሌላ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ግሎቡሊን የተባሉ ክፍሎች እንዳሉት አሳየ። በ1939 ከአሜሪካዊው ኤልቪን ካባት ጋር ባሳተመው ጥናት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላት በዋናነት በጋማ ግሎቡሊን ውስጥ እንደሚገኙ አመለከተ፤ ለበሽታ መከላከል ሳይንስ ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1938 በኡፕሳላ የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። በኤሌክትሮፎሬሲስና በአድሶርፕሽን ትንተና ምርምሩ የ1948ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ከ1960 እስከ 1964 የኖቤል ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት ነበር። የሕክምና ላቦራቶሪዎች መልቲፕል ማየሎማ የተባለውን የደም ካንሰር ለመለየት ዛሬም የሴረም ፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ ይጠቀማሉ።