አይስላንዶች ሳይጠየቁ የተሰጠው ካርዳቸው

በዲሴምበር 1998 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የአይስላንድ ፓርላማ እንግዳ የሆነ ሕግ አጸደቀ። የመላው ሕዝብ የሕክምና ካርድ በአንድ የመረጃ ቋት እንዲሰበሰብና አንድ የግል ኩባንያ ብቻውን እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ ነበር። ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ 270 ሺህ ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን አንድ ትልቅ ክፍለ ከተማ አያህልም።

ፈቃዱን በ2000 ለ12 ዓመት ያገኘው ዲኮድ ጄኔቲክስ ነው። መሥራቹ ካሪ ስቴፋንሰን የአገሩ ልጅ፣ ሃርቫርድ ያስተማረ የነርቭ ሐኪም ነበር። ስለዚህ «ባዕድ መጥቶ ዘረፈን» የሚለው የለመድነው ክርክር እዚህ ብዙም አያስኬድም (የመነሻው ገንዘብ ከአሜሪካ ባለሀብቶች የመጣ ቢሆንም)። ዓላማውም ክፉ አልነበረም፤ የበሽታን የዘር መነሻ ፈልጎ መድኃኒት ማግኘት ነው።

ችግሩ ሰዉን አለመጠየቁ ላይ ነበር። «አልፈልግም» ብሎ ፎርም ያልሞላ ሁሉ እንደፈቀደ ተቆጠረ። የሞቱትስ? ሙታን ፎርም አይሞሉም፤ ካርዳቸው ግን ይገባል። 20 ሺህ ገደማ ሰዎች ፎርሙን ሞልተው ወጡ። አንዲት ወጣት ደግሞ የሟች አባቷ ካርድ እንዳይገባ ጠይቃ ስትከለከል ፍርድ ቤት ሄደች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2003 ፈረደላት። የአባቷ በሽታ ስለ እሷም ይናገራል፣ ስምና አድራሻን መሰረዝ ብቻውን ማንነትን አይሸፍንም አለ። የመረጃ ቋቱ ከዚያ በኋላም አልተሠራም።

የሚገርመው ሌላው ነው። ያው ኩባንያ ሰዎችን አንድ በአንድ እያስፈረመ ሲጠይቅ ከ100 ሺህ በላይ አይስላንዳውያን ደማቸውን በፈቃዳቸው ሰጡት። ሕዝቡ ሳይንስን አልጠላም ማለት ነው።

ግን እነሱም የፈረሙለት ኩባንያ እንደነበረ አልቆየም። በ2009 ከሰረ፤ በ2012 አምጀን የተባለ የአሜሪካ መድኃኒት አምራች በ415 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ለንደንም ተመሳሳይ ነገር አየች። ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የ1.6 ሚሊዮን ሕመምተኞችን መረጃ ለጉግሉ ዲፕማይንድ ሰጠ፤ የኩላሊት ጉዳትን ቀድሞ ለሚጠቁም መተግበሪያ። በ2017 የመረጃ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሆስፒታሉ ሕግ ጥሷል፣ ሕመምተኞቹም በበቂ ሁኔታ አልተነገራቸውም አለ። ዲፕማይንድ የሕመምተኞችን መረጃ ከጉግል ጋር እንደማያገናኝ ቃል ገብቶ ነበር፤ በ2018 መተግበሪያውን የሚሠራው ቡድን ራሱ ወደ ጉግል እንደሚዛወር ተነገረ።

እኛ ዘንድም ካርድ ክፍሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሻገረ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ጥሩ ነው። እኔ ማንበብ የምፈልገው ግን ሆስፒታሎች ከሶፍትዌር አቅራቢዎች ጋር የሚፈራረሙትን ውል ነው፤ በተለይ ኩባንያው ሲሸጥ ካርዳችን ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረውን አንቀጽ፣ ካለ።