የቁስል መሸፈኛ ታሪክ፤ ከማድረቅ ወደ እርጥበት መጠበቅ

በአገራችን የቆሰለ ሰው የሚጠይቅ ወዳጅ ከሰላምታው ቀጥሎ «ቁስሉ ደረቀልህ ወይ?» ማለቱ የተለመደ ነው። መልሱ «ደርቋል፤ ተመስገን» የሆነ እንደ ሆነ ጠያቂውም ተጠያቂውም ደስ ይላቸዋል። በአነጋገራችን መድረቅና መዳን አንድ ሆነው መኖራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዳነ ቁስል በመጨረሻው ደረቅ መሆኑን ዓይን ሁሉ ያያል። ነገር ግን መጨረሻው ደረቅ ስለ ሆነ መንገዱም ደረቅ መሆን አለበት የሚለው አስተሳሰብ፣ በሕዝብ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሐኪሞችም ዘንድ ሥር ሰድዶ የኖረ ስሕተት ነበር። ይህ ስሕተት የታረመው በክርክር ሳይሆን በልኬት በመሆኑ፣ ታሪኩ ለመሐንዲስም ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈውና አሜሪካዊው ኤድዊን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1862 በሉክሶር የገዛው የግብፅ ፓፒረስ 48 የጉዳት ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ለብዙዎቹ ቁስሎች በመጀመሪያው ቀን ትኩስ ሥጋ፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስብና ማር እንዲደረግ ያዛል። በአገራችንም ባህላዊ ሕክምና የታወቀው ማር፣ ስኳሩ የበዛ በመሆኑ ጀርሞች ለመኖር የሚያስፈልጋቸውን ውሃ ይነሣቸዋል። ስለዚህ ጥንታውያኑ ምክንያቱን ባያውቁም ከውጤቱ ርቀው አልነበሩም።

በአውሮፓ በ16ኛው መቶ ዓመት የጥይት ቁስል በባሩድ እንደ ተመረዘ ይቆጠር ስለ ነበር፣ መርዙን ለማጥፋት የፈላ ዘይት ይፈስበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1537 ከሠራዊት ጋር ወደ ቱሪን የዘመተው ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ ዘይቱ አልቆበት የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፐንታይን ቀላቅሎ በቁስሎቹ ላይ አደረገ። በሥጋት እንቅልፍ አጥቶ አድሮ ማልዶ ቢጎበኛቸው፣ ቅባቱ የተደረገላቸው ሕመማቸው ቀልሎላቸው፣ ዘይት የፈሰሰባቸው ግን በትኩሳትና በእብጠት ሲሠቃዩ አገኛቸው። ሳያስበው ሁለት ወገን አነጻጽሮ ነበርና ከዚያ በኋላ የፈላ ዘይትን ተወ።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ እርምጃ ከከተማ ፍሳሽ ጋር የተያያዘ ነው። በግላስጎው ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር፣ በካርላይል ከተማ የፍሳሽ ቆሻሻ በካርቦሊክ አሲድ መታከሙን ሰማ፤ ስለ ጀርሞች የሚናገረውንም የፓስተርን ሥራ አነበበ። እ.ኤ.አ. በ1865 የጋሪ መንኰራኵር እግሩን የሰበረውን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል በካርቦሊክ አሲድ በራሰ መሸፈኛ አከመ፤ ቁስሉም ሳይመግል አጥንቱ ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1880 ደግሞ የበርሚንግሃሙ ቀዶ ሐኪም ሳምፕሰን ጋምጂ፣ የተፈጥሮ ቅባቱ የወጣለት ጥጥ ፈሳሽ በሚገባ እንደሚመጥ ተረድቶ፣ እንዲህ ያለውን ጥጥ በስስ ጨርቅ መካከል አድርጎ ለቁስል መሸፈኛነት አዋለ።

ሆኖም ጥጥና ጨርቅ የቁስሉን ፈሳሽ ከመጠጡ በኋላ ደርቀው ከሥጋው ጋር ይጣበቃሉ። ፋሻው በተፈታ ቍጥር በሽተኛው በሕመም ከመጮኹም በላይ፣ አዲስ የበቀለው ቆዳ አብሮ ይነቀላል። መድረቅ ራሱ መዳን ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ይህ ጉዳት ብዙ አላነጋገረም።

እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ ኔቸር በተባለው መጽሔት የሙከራውን ውጤት አወጣ። በወጣት አሳማዎች ቆዳ ላይ ጥልቀት የሌላቸው ቁስሎች አበጅቶ ከፊሎቹን ለአየር ገልጦ ተወ፤ ከፊሎቹን በፖሊቴን ስስ ላስቲክ ሸፈነ። የተሸፈኑት ከተገለጡት ሁለት እጥፍ ያህል ፈጥነው አዲስ ቆዳ ለበሱ። ምክንያቱም ቁስል ሲደርቅ ጠንካራ ቅርፊት ስለሚሠራ የቆዳ ሕዋሳት ከሥሩ እየቈፈሩ መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል፤ በእርጥበት ውስጥ ግን መንገዳቸው የቀና ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ይህንኑ አረጋገጠ።

መሐንዲስ ይህን ለመቀበል ሊቸገር አይገባውም። አላፊ አግዳሚው «ኮንክሪቱ ደረቀ» ይላል፤ መሐንዲሱ ግን ኮንክሪት የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ እንጂ በመድረቅ አለመሆኑን ስለሚያውቅ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ውሃ ያጠጣዋል። የሁለቱ ምክንያት የተለያየ ቢሆንም ዓይንን ያታለለው ነገር ተመሳሳይ ነው።

ከዊንተር በኋላ መሸፈኛ ቁስልን መደበቂያ መሆኑ ቀርቶ እርጥበትን መመጠኛ ሆነ። ስለዚህ ምርጫው እንደ ቁስሉ ጠባይ ነው። ጥቂት ለሚያዥ ቀላል ቁስል ስስና የማይጣበቅ መሸፈኛ ይበቃል፤ ብዙ ለሚያዥ እንደ ስፖንጅ የሚመጥ ወይም ከባሕር አረም የተሠራ አልጂኔት ይስማማል፤ ለደረቀ ቁስል እርጥበት የሚሰጥ ጄል ይመረጣል። እርጥበት ከልክ ሲያልፍ ግን በዙሪያው ያለውን ጤናማ ቆዳ ያልማል። የመገለ ቁስል አየር በማያስገባ ነገር አይታሸግም፤ ደም ባለመድረሱ ደርቆ የጠቆረ የእግር ጣትም ሐኪም እስኪያየው ድረስ እንደ ደረቀ ይጠበቃል እንጂ አይረጥብም።

ከምርጫው በፊት የሚቀድመው ደሙን ተጭኖ ማቆምና ቁስሉን በንጹሕ ውሃ በሚገባ ማጠብ ነው። አልኮል በተከፈተ ቁስል ላይ ማፍሰስ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ሕያው ሥጋንም ይጎዳል። በአፈር ወይም በዛገ ብረት የደረሰ ጥልቅ ቁስል የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያሻዋልና ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ፓሬን ዘይት ማጣቱ፣ ሊስተርን የከተማ ፍሳሽ፣ ዊንተርን አንድ ቁራጭ ላስቲክ አስተምረውታል። ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው፣ ሁሉ ያመነበትን ነገር በዓይናቸው አይተው ለመመርመር ፈቃደኛ መሆናቸው ነው። በየሥራው ቦታ የተሰቀለውን የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን የሚያዘጋጅ ባለሙያም ከልማዱ ይልቅ ይህን ትምህርት ቢከተል፣ ሠራተኛው ከቁስሉ ፈጥኖ ይድናል።